በሩ ላይ ያለው ሸበጥ

ከኩሽናዬ መስኮት፣ ከከተማው ማዶ፣ ማማዎቹ ይታያሉ፤
ሦስት ሦስት ክንፍ ይዘው
ቀን ከሌት ነፋስ ይፈጫሉ።
ያ ቆርቆሮ ነቃይ፣ ያ የአዳማ ነፋስ፣
ያጠብሁትን አንሶላ አቧራ የሚያለብስ፣
እዚያ ጉብታ ላይ ሲደርስ
መብራት ይሆናል አሉ።
እውነት ነው፣ ይሆናል።
እኔ ምስክር ነኝ፤
ከዕቃ ማጠቢያዬ ቧንቧ ወጥቶ ነክሶኛል፣
በጣቴ ገብቶ
በክርኔ አልፎ
ጥርሴን አጋጭቶታል።

ዕቁቡ የደረሰኝ በጥቅምት ነበረ።
ጥላሸት የጠጣው አሮጌው ኩሽና በሁለት ቀን ፈረሰ።
ቶሌራ መጣ፤
እርሳስ ጆሮው ላይ፣ ስልክ ከትከሻው ተጣብቆ፣
ግድግዳዬን እንደ ሐብሐብ ሰነጠቀው ስቆ።
«እትዬ ስንዱ፣ ምንም አታስቢ» አለኝ፣
«ከገንደ ሀራ እስከ ቦኩ ያላበራሁት ቤት የታል?»
ቱቦ ጠፋ ሲባል ሽቦውን እንዲሁ ከሲሚንቶ ቀበረው፤
ሳይፈትሽ ለሰነው፤
ልስኑ ሳይደርቅ ሴራሚክ አለበሰው።
ማብሪያውን ሲጫነው አምፖሉ ቦግ አለ።
አጨበጨብን።
ሂሳቡን ሁለቴ ቆጥሮ ሄደ።

መጀመሪያ የተናገረው ፍሪጁ ነው፤
እጀታውን ስይዝ ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ።
ቀጥሎ ቧንቧው።
ቀጥሎ ድስቱ፣ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ማማሰያዬን አስጣለኝ።
ብደውል፣ «ላብ ነው፤ በዚህ ሙቀት እጅሽ ረጥቦ ነው።»
ብደውል፣ «ከዋናው መሥመር ነው፤ የመብራት ኃይል ጉዳይ ነው።»
ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል እንደ ሐኪም ተነፈሰና
«ሸበጥ አድርጊ» አለኝ።

ሸበጥ!

አንድ ጥንድ ሰማያዊ ሸበጥ ከኩሽናው በር ተቀመጠ።
ውኃ የጠማው፣ ሻይ የሚያፈላ፣
ሁሉም በየተራው እያጠለቀ ገባ።
የወርቅነህ ተረከዝ ውጭ ይቀራል፤
የሶልያና እግር መሃሉ ላይ ይጠፋል።
እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ጫማ!» ስንል
ወለል እንዳይቆሽሽ መስሎት ያወልቃል፤
«አይደለም፣ አድርገው!» ብለን እንሯሯጣለን።
ሦስት ወር።
ሰው ምን የማይለምደው አለ?
ሞት በቧንቧ ቢመጣበት
የሸበጥ ወረፋ ይዞ ይኖራል።

አንድ ቅዳሜ ሶልያና ከጨዋታ መጣች፣
ባዶ እግሯን፣ እጇን ልትታጠብ።
ጩኸቷን ጎረቤት ሰማው።
ደህና ናት፤ ደህና ናት ብዬ ልቅደም።
ግን ያን ማታ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ አወረድኩ፤
እራት በሻማ በላን፣ ማንም አላወራም።

ሌንሴ መጣች፤ ከቴክኒክ ኮሌጅ ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣
መፈተሻዋን እንደ እስክሪብቶ ደረቷ ላይ ሰክታ።
ጫፉን ቧንቧው ላይ ስታሳርፍ
የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት በራች፤
ከአምፖሎቼ ሁሉ የዚያችን ያህል አጥርቶ ያሳየኝ የለም።
«ይቅርታ እትዬ» ብላ አዲሱን ሴራሚክ ሰበረች።
ውስጡ
በፌስታል የተጠቀለለ ቋጠሮ፣
የቀለጠ፣ የተቃጠለ ፀጉር የሚሸት፤
አጠገቡ አረንጓዴው ሽቦ፣
ስንዝር ላይ ተቆርጦ የትም የማይሄድ።
«ይሄ ነበር ወደ መሬት የሚወርደው» አለች፤
«ሰውየው መሬትን ረስቷል።»

ቶሌራን ልራገም አፌን ከፈትኩ።
ግን ከቋጠሮው ሥር ቀጭኑ ሽቦ
እንደ አይጥ ጅራት ወጥቶ አየኝ።
እሱን የገዛሁት እኔ ነኝ።
«ወፍራሙን ግዢ፣ ምድጃ ይሸከማል» ብሎኝ ነበር።
እኔ ግን የሴራሚኩ አበባ፣ ወርቃማ ጠርዙ አታሎኝ፣
ከግድግዳ ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ
ቀጭኑን አስለክቼ ገዛሁ።
እሱ ከሚቀበረው ሰረቀኝ፤
እኔ ለሚቀበረው ነፈግሁ፤
ልስኑ ሁለታችንንም እኩል ሸፈነን።

አሁን ተጠግኗል።
ከፓፓያው ሥር የመዳብ ዘንግ ተቀብሯል።
የሴራሚኩ ዓይነት ከገበያ ስለጠፋ
በአበቦቹ መሃል አንድ ነጭ አለ፣
እንደ ተተካ ጥርስ።
ማማዎቹ ይዞራሉ፤ አንሶላዬ ይቆሽሻል።
ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ነው፣ ውኃ ብቻ።
እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ከመክፈቴ በፊት፣
በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ፣
እንዳተኮሰው ልጅ ግንባር።
ሸበጡም በሩ ላይ አለ።
የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሷል።
ማንም አላነሳውም።